«ዘና በል» ማለት ብቻ አይበቃም

በቅርቡ ጥርሴን ላስሞላ ሄጄ ነበር። ማደንዘዣው ሠርቷል፣ የሚያመኝ ነገር የለም። የመቦርቦሪያዋ ጩኸት ግን ነፍሴን አወጣው። እጄ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዷል፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ ደጋግሞ «ዘና በል» ይለኛል። እንዴት ብዬ?

ያዳነችኝ ረዳቱ ናት። «ስልክህ ላይ ዘፈን የለም?» አለችኝ። ማዳመጫውን አንድ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፤ ሌላውን ሐኪሙን እንድሰማበት ተውኩት። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ጣቶቼ ተፍታተዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢቫን ኬን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሸክላ ማጫወቱን የጻፈው በ1914 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት 73 ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ አሳተመ። ሙዚቃ የሰሙት ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም ቀለል ብሏል፤ የወሰዱት ማስታገሻም አነስ ያለ ነበር።

ማደንዘዣን ይተካል እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹ። ግን የፈራ ሰው ሰውነቱ ይወጠራል፣ ጆሮውም ዓይኑም መርፌው ላይ ይተከላል፣ ትንሿ ሕመም ትገዝፍበታለች። ዘፈኑ ያንን ሐሳብ ይሻማል። ትንፋሽም እንዲሁ ነው፦ ከሚሳበው ይልቅ የሚወጣው ረዘም ሲል ልብ ምቷን ታረግባለች።

ታዲያ ዘና ማለት ለሁሉም አይሠራም። ደም ሲያይ ወይም መርፌ ሲወጋ ራሱን የሚስት ሰው ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ስለሚወርድ ነው። እሱን የሚረዳው የእግሩንና የሆዱን ጡንቻ ወጠር፣ ለቀቅ ማድረግ ነው። «ዘና በል» ብሎ ነገር እዚህ ላይ ጭራሽ ሊጎዳው ይችላል።

ደግሞ ዘፈኑን ማን ይምረጥ? በየክሊኒኩ የሚከፈተው ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ የሠራተኞቹ ነው። አንዱን የሚያረጋጋ ሌላውን ያናድዳል። የሚታከመው እሱ ከሆነ መራጩም እሱ ይሁን።

ለቀጠሮ ሲደወልልን «በባዶ ሆድ ይምጡ» ይባላል። «ማዳመጫዎን አይርሱ» የሚል ቢጨመርበት ምን ይከብዳል? ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው ማሽን) ክፍል ብረት ያለበት ነገር ስለማይገባ፣ የማሽኑ ጩኸትም ጆሮ የሚበጥስ ስለሆነ፣ እዚያ ማዳመጫውን ማቅረብ ያለበት ሆስፒታሉ ራሱ ነው።