ወጣት የማይበረክትበት በር

አዲስ አበባ ያለ የጥበቃ ኤጀንሲ ባለቤትና ዋሽንግተን ዲሲ ያለ የቢሮ ሕንፃ አስተዳዳሪ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ወጣት ጥበቃ አይበረክትም። ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል፣ ሌሊት ይከብደዋል፣ ትንሽ የጨመረለት ሲያገኝ ዩኒፎርሙን አጣጥፎ ይሄዳል ይላሉ። ሁለቱም ልጁን ያማሉ፤ በሩን የሚያማ የለም። የሁለቱን አገር አሠራር ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን ልጁን የሚያባርሩት ነገሮች ተቆጥረው የሚታወቁ፣ አብዛኞቹም በወረቀት የሚስተካከሉ መሆናቸውን ይታዘባል።

እስቲ ከሰዓቱ እንጀምር። አንድ በር ሌት ተቀን ሲጠበቅ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሲካፈል 4.2 ይመጣል፤ ሕመም፣ ዕረፍትና ስልጠና ሲታሰብበት ሥራውን የሚያውቅ አስተዳዳሪ ለአንድ በር 5 ሰው ይይዛል። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ስለሆነ 3.5 ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በ2 ሰው የሚጠበቅ በር ሞልቷል፤ 24 ሰዓት ገብቶ 24 ሰዓት ማረፍ። ይህ በአማካይ ለአንድ ሰው በሳምንት 84 ሰዓት ነው። ከመደበኛው 36 ሰዓት ይበልጣል፤ አዋጁ የሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም።

ደንበኛ ድርጅቶች 2 ሰው የሚመርጡት ይረክሳል ብለው ነው። ሕጉ እንደተጻፈ ቢከፈል ግን አይረክስም። 36ቱ ትርፍ ሰዓት በትንሹ የቀን መጣኔ፣ ማለትም በ1.5 ሲባዛ 54 ይሆናል፤ ከ48ቱ ጋር 102፣ ለሁለት ሰው 204 የሰዓት ክፍያ። አራት ሰው ሙሉ የ48 ሰዓት ደመወዝ ቢያገኝ 192 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መጣኔው 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 መሆኑን ገና አልጨመርንም። እርካሹ ዋጋ ያለው እንግዲህ ትርፍ ሰዓቱ ሳይከፈል ሲቀር ብቻ ነው። ወጣቱ ይህን ሒሳብ በሁለተኛው ወር ይደርስበታል፤ ሽማግሌው ዘበኛ ግን ቢገባውም ዝም ይላል፤ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው።

ሁለት በር ላለው ድርጅት ልክ የሚሆነው 7 ሰው ነው። 7 ሲባዛ 48 ያው 336 ነው፤ የሁለት በር ሳምንት። በየበሩ ሦስት ሦስት ሰው በ8 ሰዓት ፈረቃ ይመደባል፤ ሰባተኛው እየተዘዋወረ የስድስቱን የዕረፍት ቀን ይሸፍናል። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ስለሚሰጥ ሰባቱ በድምሩ 112 ቀን ይወጣሉ፤ ወደ 19 ሳምንት ግድም። በነዚያ ሳምንታት የቀሩት ስድስቱ እያንዳንዳቸው 8 ሰዓት ትርፍ ይሠራሉ፤ ከ12ቱ በታች ነው። ተዘዋዋሪውን ቦታ ለአዲስ ገቢ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። ሁለቱንም በር፣ ሁሉንም ፈረቃ፣ ሁሉንም ባልደረባ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነገ የፈረቃ ኃላፊ ሊሆን የሚችለው ልጅ ነው መያዝ ያለበት።

የ24 በ24 ሥርዓት ሌላም ነገር ይገድላል፤ የማታ ትምህርት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ የገባ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይገባል። የትኛውም ክፍል ውስጥ ግማሹን ቀን ይቀራል። ዲሲና አካባቢዋ ብዙ አበሻ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ያለውን ፈረቃ ፈልጎ የሚይዘው ቋሚ ስለሆነ ነው፤ ቀን ኮሌጅ ይገባበታል። እንግሊዝ አገር የተለመደው አራት ቀን በ12 ሰዓት ገብቶ አራት ቀን ማረፍ ነው፤ አማካዩ 42 ሰዓት ሆኖ ለጤና ይሻላል፣ ዑደቱ በ8 ቀን ስለሚዞር ግን ለተማሪ እሱም አይመችም። ቋሚ ፈረቃ ምንም ወጪ የለውም። ተማሪ ጥበቃ የያዘ ድርጅት የትምህርት ፕሮግራሙን ጠይቆ ሰሌዳ ቢያወጣ ቢያንስ እስኪመረቅ አይለቅበትም።

ከዚህ በፊት ግን መግቢያው አለ። የቅጥር ማስታወቂያው "በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል" ይላል። ከገጠር የመጣ የ20 ዓመት ልጅ ደመወዝተኛ ዋስ ከየት ያመጣል? አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ለዚህ ሥራ ዋስ መጠየቅ የተለመደ አይደለም፤ በምትኩ አሻራና መዝገብ አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ አመልካቹ አሻራ ይሰጣል፣ ስሙ በግዛቷ መዝገብ ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ፣ ሠልጥኖ፣ የወንጀል መዝገቡ ታይቶ የሦስት ዓመት ፈቃድ ያወጣል፤ አሠሪው ደግሞ የአምስት ዓመት የሥራ ታሪኩን ያጣራል። እኛ ዘንድ ዋስ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ልጁ ማን እንደሆነ ይመሰክራል፣ ዕቃ ከጠፋም ይከፍላል። የመጀመሪያውን የፋይዳ መታወቂያና ከወንጀል ነጻ የሚለው የፖሊስ ማስረጃ ይሸፍናሉ። ሁለተኛው ለንብረት ቆጠራና ለርክክብ መዝገብ የሚተው ጉዳይ ነው። ለጠፋ ዕቃ ደመወዝ እንዳሻ መቁረጥም አይቻልም፤ በአዋጁ መሠረት ቅነሳው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

ስልጠናው ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ኒው ዮርክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት 8 ሰዓት፣ በ90 ቀን ውስጥ 16 ሰዓት፣ ከዚያ በየዓመቱ 8 ሰዓት ታስተምራለች። ብዙ አይደለም፤ ግን አይቀርም። ጀርመን መነሻው 40 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። ለወጣቱ የተሰናዳው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥበቃና ደኅንነት እንደ መካኒክነትና እንደ ኤሌክትሪክ ሥራ የሦስት ዓመት የሙያ ትምህርት ሆኗል። ልጁ እየተከፈለው ድርጅት ውስጥ ይሠራል፣ በጎን የሙያ ትምህርት ቤት ይማራል፣ መጨረሻ ላይ በንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ይፈተናል፤ ወረቀቱን ይዞ ሌላ ከተማ መቀጠር ይችላል። አዲስ አበባ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሰልፍ፣ ሰላምታና ዱላ አያያዝ ነው፤ አሠልጣኙ የቀድሞ ወታደር ስለሆነ የሚያውቀውን ያስተምራል። ዲሲፕሊኑ መጥፎ አይደለም። የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ ውሃ እንዳይደፋ፣ የትኛው የእሳት ማጥፊያ ለምን እንደሚሆን፣ ራሱን የሳተ እንግዳ እንዴት እንደሚያዝ የሚነግረው ግን የለም። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን በድርጅትና በትምህርት ቤት የተከፈለ የትብብር ስልጠና የሚሉትን ለዓመታት ያውቁታል፤ ይህ ሙያ ወደዚያ ቢገባ የሚከለክለው አይታየኝም።

ወረቀት ብቻውን እንደማያድን ግን የእንግሊዟ ማንችስተር ከተማ አሳይታለች። ሜይ 22 ቀን 2017 በአንድ የሙዚቃ ዝግጅት አዳራሽ መውጫ 22 ሰው የገደለው ፈንጂ ከመፈንዳቱ ሩብ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ልጅ ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው ፈንጂውን ስለያዘው ሰውዬ ለአንድ ወጣት ጥበቃ ነግሮት ነበር። ወጣቱ ሬዲዮ አልነበረውም። የደረሰለት የ18 ዓመት ባልደረባው ሬዲዮ ቢኖረውም ሞክሮ መስመር አላገኘም። ሰውየውን ቀርቦ ያልጠየቀውም ተሳስቼ ዘረኛ እባላለሁ ብሎ ፈርቶ እንደነበር ለአጣሪዎቹ ተናግሯል። በ2021 የወጣው የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል ይህን ካመለጡት ዕድሎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ሁለት ወጣቶች አደጋውን አይተዋል፤ ያዩትን የሚያደርሱበት መንገድና ተሳስቶ የመጠየቅ ዋስትና ግን አልነበራቸውም።

የእኛ ልጅ የሚፈራው ሌላ ነው፤ "ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?" የሚለውን። ቦሌ አንድ ሆቴል በር ላይ መስታወቱ የጠቆረ መኪና ሲመጣ የ21 ዓመት ልጅ አባቱን የሚያክለውን ሰው ኮፈን አስከፍቶ እንዲያይ ይጠበቅበታል። ይህ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ አስቀድሞ ይሰጠው፦ "ይቅርታ አባቴ፣ ለሁሉም የሚደረግ ፍተሻ ነው፤ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ።" ሰውየው እንቢ ካለ ልጁ አይከራከርም፤ መዝጊያውን እንደዘጋ ለፈረቃ ኃላፊው በሬዲዮ ያስተላልፋል፣ ንግግሩን የሚጨርሰው ኃላፊው ነው። ሴት እንግዳ የምትፈተሽበት በር ላይ ሴት ጥበቃ ከሌለች ፍተሻው በስም ብቻ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ራሱ በየቀኑ ይፈተሽ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አውለብልቦ ባለፈበት ቀን የልጁ ቃል ለሾፌሩም፣ ለወንድሙም፣ ለእንግዳውም አይሠራም።

ስልክ ላይ የሚነሳው ጠብ ደግሞ በአብዛኛው በከንቱ ነው። ውጭ አገር ብዙ ድርጅት ስልኩን የሥራ መሣሪያ አድርጎታል፤ በሕንፃው ዙሪያ የሚለጠፉ መለያዎችን ጥበቃው ሲዞር በስልኩ እየነካ ያልፋል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። አገር ቤት ይህን የጀመሩ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በካሜራ የሚነበበው ባለ ጥቁርና ነጭ ሳጥኑ ኮድ ፎቶ ተነስቶ ከወንበር ላይ ሊነበብ ይችላል፤ ተጠግቶ መንካት የሚጠይቀው መለያ ይሻላል። ዙሩም ሁልጊዜ በሰዓቱ ግጥም ካለ ሌባው ሰዓቱን ያጠናዋል፤ ስለዚህ በየሌሊቱ ይቀያየር።

ወጣት ጥበቃ ከአንጋፋው በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ የካሜራ ክፍሉ ነው፤ እዚያ የሚያስቀምጠው ግን ጥቂት ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሲቀርጽ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይፈጃል። ስምንት ካሜራ ያለው ድርጅት 2 ቴራባይት ዲስክ ገዝቶ ከሆነ በ11 ቀን ገደማ ይሞላና አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። በሁለት ሳምንቱ "የዚያን ቀን ቅጂ አምጡ" ሲባል የለም። የዘመን አቆጣጠሩም ጣጣ አለው። ጥበቃው መዝገብ ላይ "ከምሽቱ 3 ሰዓት" ይጽፋል፣ መቅረጫው 21:00 ይላል፤ ቀኑም አንዱ ጋ መስከረም፣ ሌላው ጋ ሴፕቴምበር ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መቅረጫው ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ከደከመች ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ምርመራ የሚበላሸው በዚህ ነው። በየርክክቡ የመቅረጫውን ሰዓት ከስልክ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በደቂቃ መጻፍ፣ መዝገቡንም በሁለቱም አቆጣጠር መያዝ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ይህን የሚሠራ ልጅ ተገኝቶ በር ላይ ብቻ ካቆሙት ቢሄድ ምን ይገርማል?

ሥራው ውስጥ ደረጃ ማስገባት ውጭም የተሳካ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተራ ጥበቃና በፈረቃ ኃላፊ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ቦታ በሰዓት ጥቂት ዶላር ነው፤ ኃላፊነቱ ግን እጥፍ። የአበሻ ልጆች፣ እዚያ የተወለዱት፣ አባቶቻቸው የሠሩበትን የሎቢ ጠረጴዛ ዞር ብለው የማያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለሚቀጥል ሰው ግን መሰላሉ ይታያል፤ ኤይሲስ የተባለው ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር ለጀማሪዎች የጥቂት ዓመት ልምድ ብቻ የሚጠይቅ የምስክር ወረቀት አለው፣ ከፍ ሲል የሕንፃና የግቢ ጥበቃ ዕቅድና የጥበቃ አስተዳደር ወረቀቶች ይከተላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከበር ወደ ካሜራ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ፈረቃ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ አሠልጣኝ የሚል ባለ አራት እርከን ወረቀት፣ በየእርከኑ የሚጨመረው ብር ተጽፎበት፣ ለልጁ የገባ ዕለት ሊሰጠው ይችላል። የመኪና ማጠቡ፣ የዳቦ መግዛቱና የአትክልት ማጠጣቱ ጉዳይም እዚያው ወረቀት ላይ ይለይ፤ ካለ ይጻፍ፣ ይከፈልበት፤ ከሌለ አይታዘዝ።

አንድ የዲሲ ሕግ ግን ተቀድቶ ሊመጣ የሚገባው ነው። የሕንፃው ባለቤት የጥበቃ ድርጅት ሲቀይር አዲሱ ተቋራጭ ነባሮቹን ሠራተኞች ለ90 ቀን ይዞ የመቆየት ግዴታ አለበት። በእኛ አገር ጨረታው ሲቀየር ልጁ ያው በር ላይ ቆሞ ሳለ አሠሪው ይለወጣል፤ ያጠራቀመው የአገልግሎት ዘመንና ከሱ ጋር የሚያድገው የዓመት ፈቃድ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ አይደለም፤ ጨረታ የሚያወጣው ድርጅት በሰነዱ ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር ይበቃል፦ አሸናፊው ነባር ጥበቃዎችን ከነአገልግሎት ዘመናቸው ይረከባል፤ ዋጋ የሚቀርበውም በአንድ ሰው ሳይሆን ለ168ቱ ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱና 11 በመቶው የአሠሪ የጡረታ መዋጮ ተለይቶ ተጽፎ ነው።