ማንም ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ!

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በረዶ መንገዱን ዘግቷል። ስልክ አይሠራም። የማይተዋወቁ እንግዶች አንድ ቤት ውስጥ ታግተዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ተገድሎ አድሯል። ጠዋት ሁሉም ሳሎን ሲሰበሰብ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠራርግና «ገዳዩ እዚሁ መካከላችን ነው» ይላል። ያን ጊዜ ላብ የሚያጠምቀው ማንን ነው? ንጹሁን።

እስቲ ራሳችሁን እዚያ ሶፋ ላይ አስቀምጡ። ሰው አልገደላችሁም። ግን ዓይናችሁን የት ታደርጉታላችሁ? ሬሳው ወዳለበት ክፍል ብታዩ «ምን ያያል?» ባታዩ «ምን ያሸሸዋል?» ብታለቅሱ አበዛችሁት። ባታለቅሱ ልባችሁ ድንጋይ ነው። እጃችሁን ኪስ ብትከቱ የሆነ ነገር ደብቃችኋል። ብታወጡት ይንቀጠቀጣል። ያልገደለ ሰው እጁን እንዴት እንደሚይዝ ያስተማረን የለም።

«ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ።»

«ምስክር አለህ?»

ሰው ምስክር ጠርቶ ይተኛል እንዴ? ገዳዩ ግን ምስክር አለው። ተዘጋጅቶበታላ።

መጽሐፉ ኃጥእ ማንም ሳያሳድደው ይሸሻል፣ ጻድቅ ግን እንደ አንበሳ ሳይፈራ ይኖራል ይላል። እዚህ ቤት ነገሩ ተገልብጧል። ሌሎቻችን ገዳዩ ማን እንደሆነ ስለማናውቅ እንርበደበዳለን። አንድ ሰው ብቻ በደንብ ያውቃል፤ ስለዚህ በሩን እንኳ ሳይቆልፍ ለጥ ብሎ ያድራል። ጠዋት እንቅልፉን ጠግቦ ይነሳና አስተባባሪ ይሆናል። ብርድ ልብስ ያድላል። ያለቀሰውን ያባብላል። የሁሉንም ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ መዝግቦ «ኔትወርክ ሲመጣ የቴሌግራም ግሩፕ እከፍታለሁ» ይላል። እኛም «እንዲህ ዓይነት ሰው አይጥፋ!» እያልን እንመርቀዋለን።

«እኔ የሰው ፊት አነባለሁ» የሚልም አይጠፋም። እሱ ደግሞ ከገዳዩ በላይ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ሰው እውነትና ውሸትን አይቶና ሰምቶ የሚለየው በአማካይ 54 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 በመቶ ነው። ለአራት በመቶ ብሎ ነው እንዲያ የሚያፈጥብን።

ከዚያ ፍተሻ ይመጣል። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ቢላ ሲፈለግ የማይገኝ ነገር የለም። አንዱ ሻንጣ ውስጥ የቤቱ ፎጣ ተጣጥፎ ይገኛል። «ለሥራ ስብሰባ ነው የመጣሁት» ያለው ሰውዬ ምንም ስብሰባ እንደሌለው ይታወቃል። በገባ በወጣ ቁጥር «ዶክተር ነኝ» ሲል የከረመው ሰው ሬሳውን እንዲመረምር ሲለመን ይገረጣል። ዶክትሬቱ በታሪክ ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ማንም «በምን?» ብሎ አልጠየቀውም፤ እሱም አላረመንም። ግድያው አንድ ነው፤ ነውሩ ግን ለሁሉም ተዳርሷል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው፣ የጎረቤቱን ሻንጣ «ይከፈት!» እያለ የሚጮኸውም ባለ ፎጣው ነበር።

በዚህ ላይ ሰው ያላደረገውን የማመን ተሰጥኦ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ «ይህችን ቁልፍ እንዳትነኩ» ተባሉ። ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። «ነክተሃል!» ተባሉ። አንዳቸውም አልነኩም። 69 በመቶ የሚሆኑት ግን ጥፋታቸውን አምነው ፈረሙ። አንዳንዶቹ ጭራሽ እንዴት እንደነኩት አብራሩ! እ.ኤ.አ. በ1932 የታዋቂው አብራሪ የሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ታፍኖ ሲገደል ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው «እኔ ነኝ» ያሉት ሰዎች 200 ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ቀን ከቆየን ከመካከላችን አንዱ «ምናልባት በእንቅልፍ ልቤ ገድዬው ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። እኔ እንደሆንኩ በመጀመሪያው ቀን ነው የምለው።

እውነተኛው ዓለም እንኳ እንደ ልብ ወለዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ኦሪየንት ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር ቱርክ ውስጥ በረዶ ውጦት ለቀናት ቆሞ ነበር። መንገደኞቹ በረዳቸው እንጂ አልተገዳደሉም። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ታዋቂው የአጋታ ክሪስቲ ልብ ወለድ ግን ባቡሩንና በረዶውን ይዞ ሬሳ ጨመረበት። ልክ ነው፤ ብርድ ብቻውን ማን ያነባል?

በመጨረሻ መንገዱ ይከፈታል። ፖሊስ ይገባል። አስተባባሪያችን በካቴና ይወጣል። ቀሪዎቻችን መተያየት እናፍራለን። «እኔ እንኳ አንተን ለአፍታም አልጠረጠርኩህም» እንባባላለን፤ ሌሊቱን በየበሮቻችን ላይ ቁም ሣጥን ስንደግፍ እንዳላደርን። ዶክተሩ ማንንም ሳይሰናበት ሾልኳል። ፎጣው ተመልሷል፤ ማን እንደመለሰው አይታወቅም።

ኔትወርክም ይመጣል። የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ይንጫጫል። ሰውዬው ቃሉን ጠብቆ፣ ከመያዙ በፊት ኔትወርኩ ለአፍታ ብልጭ ሲል ግሩፑን ከፍቶታል፤ ስሙንም «ቤተሰብ» ብሎታል። ማስወጣት ፈልገን ነበር። አድሚኑ እሱ ሆነብን።