እሳት ሳይነሣ የእሳት አደጋ መኪና ለምን ይመጣል?

ክርክሩ የተነሣው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ጆርጂያ ጎዳና አካባቢ በሚገኝ የአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጥቂት ጊዜ ቀደም ብሎ በዚያው ሕንፃ የሚኖሩ አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው ወድቀው ነበር። ልጃቸው ወደ አሜሪካው የድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ ወደ 911 ደወለች። ቀድሞ የደረሰው ግን አምቡላንስ ሳይሆን የእሳት አደጋ መኪና ነው። ከባድ ጫማ ያጠለቁ አራት ሰዎች የሕክምና ቦርሳና ኦክስጅን ይዘው ደረጃውን ወጡ፤ አምቡላንሱ ከኋላ ደረሰ። እናትየዋ ተርፈው ዛሬ ደኅና ናቸው። አንድ በዕድሜ የገፉ ታክሲ ነጂ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ነገሩ ግን አልተዋጠላቸውም።

"እሳት የለ፣ ጭስ የለ! ሐኪም ቢጠሩ የውኃ መኪና ተላከላቸው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" አሉ፤ ሲኒያቸውን አስቀመጡና ዙሪያውን አዩን።

በአንድ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት የምትሠራ ወጣት አብራን ነበረች። "ጋሼ፣ እነዚያ የመጡት ሰዎች እኮ ሁሉም የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና አላቸው። ያለዚያ ሥራው ላይ አይሰማሩም። ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ፓራሜዲክ ነው፤ መርፌ ይወጋል፣ የልብ ምት ያነባል፣ መድኃኒት ይሰጣል" አለቻቸው።

"ልጄ፣ እሳት የሚያጠፋ እሳት ያጥፋ፣ የሚያክም ያክም" ብለው ያንኑ ምሳሌ ደገሙላት። መልስ ይሁን አይሁን ለሰሚው ግልጽ ነው። ምሳሌ መደጋገም ማስረጃ ማቅረብ አይደለም።

እኔ በወጣቷ ወገን ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። የዚህች ከተማ መሥሪያ ቤት ስሙ ራሱ የእሳት አደጋና የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት መምሪያ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቿ ሁሉም ደመወዝተኛ የሆኑት በ1871 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር በማትሞላ ከተማ ውስጥ 33 የውኃ መኪና ቡድኖች፣ 16 የመሰላል መኪና ቡድኖችና 3 ከባድ የነፍስ አድን ቡድኖች በየሰፈሩ ተሰራጭተዋል። የእሳት ክፍሉ ሠራተኞች በአራት ፈረቃ ተከፍለው 24 ሰዓት ይሠራሉ፤ 72 ሰዓት ያርፋሉ። በውኃ መኪናው ላይ አዛዡ፣ ሾፌሩና ሁለት እሳት አጥፊዎች ይሳፈራሉ። አምቡላንሶቹም የዚሁ መምሪያ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መሠረታዊ ሕክምና፣ ሌሎቹ ፓራሜዲክ ይዘው የላቀ ሕክምና ይሰጣሉ።

አሁን ልብ ይበሉልኝ። አምቡላንስ በሽተኛ ጭኖ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እዚያ አልጋ እስኪገኝ ይቆማል፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ለሰፈሩ የለም ማለት ነው። የውኃ መኪናው ግን በሽተኛ ስለማይጭን ብዙውን ጊዜ ጣቢያው ነው። ልቡ መምታት ያቆመ ሰው ደግሞ አንጎሉ መጎዳት የሚጀምረው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅርብ ያለው፣ ሥልጠና ያለው፣ መሣሪያ የያዘው ሰው ቀድሞ ይድረስ ተባለ። ይህን ለመረዳት ምሁር መሆን አያሻም፤ የጋሼ ምሳሌ ግን ደቂቃ አይቆጥርም።

"ቦስተን ሄደህ እይ" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። "አምቡላንሱ ለብቻው፣ እሳቱ ለብቻው።" እውነት ነው፤ ቦስተን ውስጥ የድንገተኛ ሕክምናው ከከተማዋ የጤና ኮሚሽን ሥር ነው እንጂ ከእሳት አደጋው ጋር አይደለም። ኒውዮርክ ግን በ1996 አምቡላንሱን ከእሳት አደጋው ጋር ቀላቀለች። ይህንን ስነግራቸው "ኒውዮርክን ተዋት" አሉ። ቦስተን ስትጠቅም ትጠራለች፣ ኒውዮርክ ስታስቸግር ትተዋለች! በሀገራችንም ቢሆን እሳት ለብቻው ሕክምና ለብቻው ነው ሲሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ 939 ሲደወል የሚያነሣው የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት አምቡላንስም እንደሚያሰማራ አስታወስኳቸው። "እሱ ሌላ ነው" አሉ። በምን ሌላ እንደሆነ አልነገሩንም።

ቀጥለው ያመጡት ጠንከር ያለውን ነው፤ እኔም ላልፈው አልፈልግም። በ2006 ዴቪድ ሮዘንባም የተባለ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ በዚህች ከተማ በቤቱ አቅራቢያ ሲሄድ በዘራፊዎች ጭንቅላቱን ተመታ። ቀድመው የደረሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰክሯል ብለው ገመቱ፤ የጭንቅላቱን ጉዳት አላዩም። አምቡላንሱ መንገድ ስቶ ዘገየ። ሰውየው ሞተ።

"ይኸው!" አሉ ጋሼ። "እሳት አጥፊ ሐኪም ሲሆን ይህ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም አላልኳችሁም?"

ታሪኩን ግን ከመካከሉ ቆርጠው ተዉት። የሟቹ ቤተሰብ ከተማዋን ከሰሰ፤ ከዚያም ገንዘቡ ይቅርብን፣ አሠራሩን አስተካክሉ ብሎ ክሱን ለማንሣት ተስማማ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ክብር ይገባዋል። በዚያ ስምምነት የተቋቋመው ግብረ ኃይል በ2007 ያወጣው ሐሳብ ሁለቱ ይለያዩ የሚል አልነበረም፤ ይበልጥ ይዋሐዱ፣ ሥልጠናው ይጠንክር፣ ሕክምናውን የሚመራ ሐኪም ሥልጣን ይኑረው የሚል ነው። በቅርብ የመረመሩት ሰዎች የደረሱበት ድምዳሜ የጋሼ ምሳሌ ተቃራኒ ነበር።

ወጣቷ ይህን ስትሰማ ደፈረችና "ጋሼ፣ በ2014 የሆነውስ?" አለቻቸው። ያንን ዓመት የማያስታውስ የለም። የ77 ዓመት አዛውንት ሮድ አይላንድ ጎዳና ላይ፣ ልክ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፊት ለፊት ወደቁ። ሰዎች ሮጠው የጣቢያውን በር አንኳኩ፤ ውስጥ ያለው ሰው ትእዛዝ ካልመጣ አንወጣም በሚል መንፈስ መለሳቸው። 911 ሲደወል ደግሞ መኪናው ወደ ተሳሳተ የከተማው ክፍል ተላከ። ዲሲ በአቅጣጫ በአራት ክፍል የተከፈለች ናት፤ ሮድ አይላንድ ጎዳና በሰሜን ምሥራቅም በሰሜን ምዕራብም አለ። አዛውንቱ ሞቱ።

ይህን ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግን ጥፋቱ የት ነው? ሁለት ሥራ ስለተቀላቀለ ነው? ጣቢያው ውስጥ የነበረው ሰው ሥልጠና ነበረው፣ መሣሪያ ነበረው፣ መንገዱን መሻገር ብቻ ቀርቶት ነበር። የጠፋው "ይህ የእኔ ሥራ ነው" የሚል ልብ ነው። ጋሼ የሚሉት መለያየት ለዚያ ሰው ይባስ ደጋፊ ይሆንለታል፤ "እኔ እሳት አጥፊ ነኝ፣ አምቡላንስ ጥሩ" ብሎ በሩን በሕግ እንዲዘጋ። ስልኩን የሚያነሣውና መኪናውን የሚልከው ደግሞ የእሳት አደጋ መምሪያው አይደለም፤ ከ2004 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ የተሳሳተ አድራሻ ከተጻፈ ጣቢያ ውስጥ ያለው ጀግና ቢሆንም ወደ ተሳሳተው ቦታ ይበራል። ይልቁንስ መለያየት ያመጣው ጣጣ ካለ እዚህ ጋ ነው።

ጋሼ አንድ ነገር አልተሳሳቱም። በመምሪያው ውስጥ የእሳቱ ባህል ሕክምናውን ይጫነዋል። በ2016 የሕክምና ዳይሬክተር የነበሩት ሐኪም ወራት ብቻ ሠርተው ሲለቁ ለከንቲባዋ የጻፉት ደብዳቤ ይህንኑ በምሬት ይናገራል። ሕክምና ብቻ የሚሠሩትና ሁለቱንም የሚሠሩት ሠራተኞች ማኅበራቸው እንኳን የተለያየ ነው። ይህ መታረም አለበት። የሚታረመው ግን ለሕክምናው ክብርና ሥልጣን በመስጠት ነው እንጂ ቤቱን ለሁለት በመሰንጠቅ አይደለም።

"ታዲያ ለምን ይዘገያሉ?" አሉ ጋሼ፣ ምሳሌያቸው ሲያልቅባቸው። አላለቀባቸውም ለካ፤ መልስ ሳንሰጥ እንደገና "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ…" ጀመሩ። በዚህ ጊዜ እኚያው ወድቀው የነበሩት እናት፣ ቡናው ላይ አብረውን ነበሩና፣ አቋረጧቸውና "እኔን የደረሰልኝ ቀድሞ የመጣው ነው፤ በምን መኪና እንደመጣ አልጠየቅሁትም" አሏቸው። ጋሼ ዝም አሉ።

የሚዘገዩበትን ምክንያት ግን እኔ ልናገር። የዚህ መምሪያ ጥሪ አብዛኛው እሳት አይደለም፤ ሕመም ነው። ከሕመሙም ብዙው አምቡላንስ የማያስፈልገው ነው። ከተማዋ በ2016 ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸውን የሚያጓጉዝ የግል ድርጅት በውል አስገባች፤ በ2018 ደግሞ ደዋዩን በስልክ የሚያነጋግሩና ክሊኒክ ይበቃዋል ካሉ ወደዚያ የሚመሩ ነርሶች አስቀመጠች። ይህ ሁሉ የሆነው ለምንድን ነው? የደም ግፊት መድኃኒት ያለቀበት ሰው፣ ውሎ ያደረ ሳል የያዘው ሰው 911 ስለሚደውል ነው። የሚደውለውም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ክሊኒክ የሚያደርሰው ሰው ስለሌለው ነው። በዚህ ከተማ ያለን እኛ አንድ ሕንፃ ውስጥ ፎቅ ለፎቅ እየኖርን የጎረቤታችንን ስም አናውቅም። ሁለት ሥራ እንሠራለን፣ ሌሊት እንነዳለን፣ እናቶቻችንን ከሀገር አምጥተን ከቴሌቪዥን ጋር እንቆልፍባቸዋለን። ሲወድቁ የሚያያቸው የለም። ከዚያ በኋላ ለምን አምቡላንሱ ዘገየ፣ ለምን ቀዩ መኪና መጣ ብለን ቡና ላይ እንፈርዳለን።

የከተማው ምክር ቤት በዚህ መምሪያ ላይ በየዓመቱ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ያደርጋል። ማናችን ሄድን? በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ይጨምራል፤ 911 ደውሎ "አማርኛ" ያለ ሰው ከአስተርጓሚ ጋር ይገናኛል። ይህን እንኳን ለእናቶቻችን አልነገርናቸውም። ከአድራሻው ጋር ሰሜን ምሥራቅ ነው ወይስ ሰሜን ምዕራብ የሚለውን እንዲናገሩ አላስተማርናቸውም። ከድንበሩ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ሲደውል የሚመጣለት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ አውራጃ እንጂ ዲሲ እንዳልሆነ የማያውቅ ስንት አለ።

እድራችንስ? አስከሬን ወደ ሀገር ለመላክ በአንድ ቀን ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ይህ ደግ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም። ግን የቆመ ልብ እስኪደርሱልን ድረስ በሁለት እጅ ደረት እየተጫኑ ማቆየት ይቻላል፤ ይህን የሚያስተምር ሥልጠና መምሪያው ለነዋሪው በነጻ ይሰጣል። ከቡናው በኋላ ለእድሩ ሰብሳቢ አንድ ቅዳሜ አሠልጣኞቹን እንጥራ ብዬ ጠየቅሁ። "ሰው አይመጣም" አሉኝ። ለለቅሶ ግን አዳራሹ ሞልቶ በር ላይ ይቆማል። ወጣቷ የአሥር ሰዎች ስም ጽፋ ሰጥታኛለች፤ ጋሼንም ጽፋቸዋለች። እኔም የሰብሳቢውን በር እንደገና ማንኳኳቴ አይቀርም።