የቀኙ ነው፣ የግራው ነው

መኪናዬ መጮህ የጀመረችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በ40 ስትሄድ ዝም ትላለች። ቀለበት መንገድ ላይ 60 ስትገባ «እ...እ...እ» ማለት ትጀምራለች። 80 ላይ ልትነሳ የተዘጋጀች አውሮፕላን ትመስላለች። እኔም እንደ ማንኛውም ጨዋ አሽከርካሪ ተገቢውን እርምጃ ወሰድኩ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ።

ሁለት ወር ሠራልኝ። ያጋለጠኝ ተሳፋሪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሊፍት የተሰጠው ሰው ሁሉ ሁለት ግዴታ ያለበት ይመስለኛል። አንደኛ፣ በሩን እንደ ተጣላ ሰው ወርውሮ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ መኪናዋ ምን እንዳመማት ይናገራል። የቢሮ ጓደኛዬ «ጎማህ አልቋል» አለ። አክስቴ «ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ እየቀላቀሉበት ነው» አሉ። አክስቴ መኪና ነድተው አያውቁም። ቁርጡን የነገረኝ የግቢያችን ባጃጅ ነጂ ነው። አንድ ቀን መስኮቱን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና «ኩሽኔታ ተበልቷል» አለኝ።

ኩሽኔታን የማያውቅ የሰፈር ልጅ መቼም የለም። ከሳንቃ ለሠራናት ጋሪ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ እንለምን ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱን ነው። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ነገርየው ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ በመሃላቸው ኳሶች ይንከባለላሉ፤ ግራሶ ያለሰልሳቸዋል። የክረምት ጎርፍ ገብቶ ግራሶውን ሲያጥበው፣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ስንል፣ ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ይቦረቦራል። በአጭሩ የከተማው መንገድ ጎማዬ ውስጥ ገብቷል።

ጋራዥ ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ። ዋጋውን ስሰማ ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደጁ ላይ ለብቻው ቀይሮ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። «ለብቻው» የምትለዋን ቃል ልብ አላልኳትም።

መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ «የጃፓን ነው የምትፈልገው ወይስ የጃፓን ጃፓን?» አለኝ። ልዩነቱን ጠየቅሁት። «የመጀመሪያው ካርቶኑ ጃፓን ነው። ሁለተኛው ውስጡም።» የሁለተኛውን ከፈልኩ። የቱን ይዤ እንደወጣሁ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ክሪኩን ሳወጣ ግቢው ባዶ ነበር። መኪናዋ አንድ ስንዝር ከፍ ስትል ሰባት ሰው ቆሟል። ጡረተኛው ሻለቃ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጡ። የሱቁ ልጅ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አከራያችን እትዬ ከቤታቸው ዱካ አወጡ። ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ራሳቸው ተቀመጡበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ጎማ ነው የሚል ነበር። እኔ ተዘጋጅቻለሁ። መሪ ወደ ቀኝ ሲዞር ክብደቱ ግራው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ጩኸቱ ከባሰ ጥፋተኛው የግራው ነው። የእኔዋ ወደ ቀኝ ስትዞር ነው የሚብስባት። ይህን በዝርዝር አስረዳሁ።

ሻለቃ «የቀኙ ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«በጆሮዬ ነዋ የሰማሁት!»

የሱቁ ልጅም በቀኙ ተስማማ። እትዬም። መኪናዬ ላይ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ተስማማ። በኋላ ሳስበው ያሳፈርኩት ሰው ሁሉ ጋቢና ነው የሚቀመጠው፤ ጋቢና ደግሞ በቀኝ ነው። የቀኙን ጎማ ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አላለም። ሻለቃ «ተደብቆ ነው» አሉ። ሰባት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። «ካቻቪቴ አምጣ!» «ፒንሳው የታለ?» «ዳዶው ዝጓል!» የዕቃው ስም ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንን ከ1928 እስከ 1933 ታግለን አስወጥተነዋል። ክሪክ ሥር የተኛውን ግን እስካሁን አላገኘነውም። መሃል ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ የሚፈታው በ30 ቁጥር ቁልፍ ነው። ሲታሰር ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃል። በእኛ ግቢ መለኪያ ደግሞ ሁለት ሰው በውሃ ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ሰው «አይዞህ» እያለ ማለት ነው። ፍሬኑን ፈትተን በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል በእትዬ የልብስ ማስጫ ሽቦ አሰርነው። እትዬ አላዩም። አሁን ካነበቡ ይቅርታ።

ጠቡ የተነሳው አዲሱን ስናስገባ ነው። ሻለቃ መዶሻ አነሱ። ኩሽኔታ በመዶሻ አይገባም፤ ኳሶቹ ቀለበቱን ይወጉትና በወሩ እንደገና ይጮሃል። በፕሬስ፣ የውጭ ቀለበቱን ብቻ ተጭኖ ነው የሚገባው። «እኛ በጦር ሜዳ ፕሬስ ነበረን?» አሉ። መዶሻውን ከእጃቸው ያስጣልኩት እትዬ ቡና ሲያቀርቡ ነው። ኩሽኔታው የሚገባበትን ብረት በባጃጅ ጭነን ቶርኖ ቤት ሄድን። እዚያ ያለው ልጅ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ፣ አሮጌውን በጣቱ አሽከረከረው።

«ይሄ እኮ ደህና ነው» አለ።

ሻለቃ «አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት።

አመሻሹ ላይ ገጣጥመን ለሙከራ ወጣን። ያቺ ትንሽዬ ቪትዝ ውስጥ ስድስት ሆነን። ሻለቃ ጋቢና። 40 ገባን፣ ዝም። ሻለቃ ዞረው ሁሉንም አዩ። 50፣ ዝም። የሱቁ ልጅ ማጨብጨብ ጀመረ። 60።

«እ...እ...እ።»

ማንም አልተነፈሰም። ቀለበት መንገዱ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሁ ሄድን። ከዚያ ሻለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የግራው ነው» አሉ። «እኔ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር።»

ከኋላ ሁሉም ተስማማ። እትዬ ከሁለት ሰው መሃል አንገታቸውን አውጥተው፣ «እንግዲያው ለመጪው ቅዳሜ ግማሽ ኪሎ ቡና ትገዛለህ» አሉኝ።