ጌጁ ስንት ነው?

ቤት እየሠራ ያለ ሰው ሚያዝያ ላይ መንገድ ላይ ብታገኙት ሰላም አይላችሁም። አያያችሁማ! አንጋጦ የሰው ጣሪያ እያየ ነው የሚሄደው። "ይሄ ኢጋ ነው፣ ያኛው ተራ ቆርቆሮ ነው፣ የዚህኛው ደግሞ ቀለሙ ለቋል" እያለ ብቻውን ያወራል።

በቀለም ጉዳይ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። አማትየው ቡናማ ይላሉ። ሚስት ቀይ ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህት በቪዲዮ ትገባና "አሁን ፋሽኑ ግራጫ ነው" ትላለች፤ ብር የምትልከው እሷ ስለሆነች ግራጫ ያሸንፋል። ስለ ውፍረቱ ትንፍሽ የሚል የለም።

ውፍረቱ የሚነገረው በጌጅ ነው፤ ተንኮሉ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ መሄዱ ነው። 28 ወፍራም፣ 35 ስስ። እኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትልቅ ቁጥር ያመጣ ጎበዝ ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። "35 ነው ወንድሜ፣ ኦርጅናል!" ገዢው ከበሮ የሚገዛ ይመስል በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ጫን ሲያደርግበት ስርጉድ።

"ኧረ አታጎብጥብኝ!" ይላል ሻጩ።

ገንዘቡ ሁሌም የሚያልቀው ሚስማር ላይ ሲደረስ ነው። ለሳሎን እምነበረድ የተገኘ ብር ለሚስማር ጎሚኒ ይጠፋል። "ይቺ ላስቲክ ደግሞ ምን ትሠራለች?" ይላል ባለቤቱ። በቀዳዳው ዙሪያ ውኃ እንዳይገባ የምታደርገው እኮ እሷ ናት! አናጢው ሚስማር በከንፈሩ ደርድሮ ይዞ ከላይ ሆኖ ያጉተመትማል፦ "ጋሼ፣ ሚስማሩ ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፣ ውኃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነው፤ ጎኑም አንድ ሞገድ ተኩል ይደረብ፣ አፉን ለነፋስ አንስጠው።" ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ያሰላሉ። ግማሽ ሞገድ ብቻ ቢደረብ ሁለት ቅጠል ይተርፋል። የተረፈው ለውሻው ቤት ይሆናል። በነገራችን ላይ ግቢው ውስጥ እስካሁን የማያፈስ ቤት ያለው ውሻው ነው።

ከዚያ ሐምሌ ይገባል። በረዶው ሲወርድ ቴሌቪዥኑ አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ሳሎኑ ውስጥ ባልዲው፣ ሳፋው፣ የሽሮ ድስቱ ሳይቀር ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። አማትየው የፈለጉት ቡናማም ኮርኒሱ ላይ መጥቶላቸዋል። እንግዳው ጠብታውን ሸሽቶ ሶፋው ላይ ፈቀቅ ይልና፣ ዝም ማለቱ ነውር ስለሚሆንበት፣ "ግራጫው ግን እንዴት ያምራል! ጌጁ ስንት ነው?" ይላል።

"35!" ይላሉ ጋሼ፣ ባልዲውን ሊደፉ እየተነሡ።