ፌስታል አልፈልግም ያለ ሁሉ ደሃ ነው እንዴ?

ኧረ ዛሬስ አልቻልኩም! ከአሞራ ገደል፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳሩ የዓሳ ገበያ፣ አሁን መግባቴ ነው። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው የምጽፈው።

መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ዓሳ የምገዛው በምሳ ዕቃ ነው። ክዳን አለው፣ አይፈስም፣ ባጃጅ ውስጥ ሰው አያስቸግርም። ደንበኛዬ ዛሬ አልነበረም። ሌላ ጎረምሳ ነው ቢላውን የያዘው። ምሳ ዕቃዬን ስዘረጋለት መጀመሪያ እሱን አየው። ቀጥሎ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እህቴ፣ ምሳሽን ቋጥረሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«አይ ወንድሜ፣ ፊሌቶውን እዚህ ላይ አድርግልኝ። ፌስታል አልፈልግም።»

«ፌስታሉ እኮ በነፃ ነው የኔ እናት! አናስከፍልም!»

ጮክ ብሎ ነው ያለው! ሾርባ የሚጠጡት ሁሉ ዞሩ። ጓደኛው ቀበል አድርጎ «ተዋት ባክህ፣ ኑሮ ከብዷት ነው» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ከኋላዬ የቆሙ እናት ደግሞ ከልባቸው አዝነው «አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉኝ። ምኑ ነው የሚያልፈው? ሰርቼ በምበላው፣ በገዛ ብሬ ዓሳ ስገዛ ሰው ያጽናናኛል?

እሺ፣ ሙድ ይያዙብኝ፣ ግድ የለም። አንጀቴን ያሳረረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁ የቆሮሶ ዓሳውን ፊሌቶ ፌስታል ውስጥ ከተተው። ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። እንዳያንጠባጥብ ብሎ ጥቁር ፌስታል ደረበበት። ከዚያ ሁለቱንም ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ክዳኑን ገጥሞ ሰጠኝ! «ይኸው፣ ባንቺም ሆነ በእኛም ሆነ» አለኝ። ክፍያ የሚጠብቀው ሰው ከኋላዬ ይገፋኛል። ከፍዬ ወጣሁ።

ልጁ እኮ የቆመው ሐይቁ ዳር ነው። ዞር ቢል ቄጠማው ላይ የተጠመጠመውን ፌስታል ያየዋል። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የጣልነው ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። ነገ ይሄ ልጅ መረቡን የት ሊጥል ነው? እንጀራው እኮ ነው!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ካለ ስንት ዘመኑ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ገበያ ውስጥ ግን አንድ ሎሚ ስትገዙ በፌስታል ነው። ዝንጅብሉ ለብቻው፣ ቃሪያው ለብቻው። ቆጮ የምትሸጠዋ እናት ብቻ ናት በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የምትሰጠኝ። ቅጠሉ ተመልሶ አፈር ይሆናል። እሷን ማንም «ዘመናዊ» አይላትም።

ቆጮ ካልኩ አይቀር፣ የፋሲካ ሰሞን የመጡትን እንግዶች አልረሳሁም። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት፣ በባለቤቴ በኩል። ቆጮ በስሱ ጋግሬ፣ ጎመን በአይብ፣ ዓሳ ጥብስ፣ የይርጋለም አቮካዶ አቀረብኩ። ሁሉም የዚሁ አካባቢ ነው። ትልቋ አክስት ትሪውን አዩና «ሩዝም አልሠራሽ?» አሉኝ። በኋላ ደግሞ ባለቤቴን ጓዳ ጠርተው «ሚስትህ ቋጣሪ ናት» ብለውታል። ሩዙ ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው ክብር የሆነው? እነዚሁ ሰዎች ክትፎ ቤት ሲገቡ «ቆጮ ጨምር» እያሉ አስተናጋጁን ያዋክቡታል! እዚያ በውድ ሲከፈልበት ባህል፣ እኔ ቤት ሲሆን ችግር። በደቡቡ ወደ 20 ሚሊዮን ሰው እንሰት ነው የሚያኖረው። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው ሰብል ሲደርቅ እሱ ይቆያል። እንዲህ ያለ ምግብ እያለን በሩዝ እንግዳ ማክበር ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሱፐርማርኬቱንም ተዉት። የሲዳማ አቮካዶ ዘይቱ ይርጋለም ላይ ተጨምቆ ውጭ አገር ይሄዳል። እኛ መደርደሪያ ላይ ከውጭ የመጣ የካርቶን ጭማቂ ተደርድሯል። ልደት ላይ ሁሉ ይዘን የምንሄደው እሱን ነው። ደክሞኛል።

ግቢ ስገባ ደግሞ አከራዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ያው የፈረደበት የማዳበሪያ ጉድጓዴ ነው ጉዳዩ። «ልጄ፣ ይሄ ልጣጭ ምን ይሠራል ግቢ ውስጥ? ዝንብ አመጣሽብን።» አፈር እያለበስኩት እንደሆነ፣ ለእሳቸውም ጓሮ ማዳበሪያ እንደሚሆን ስንቴ አስረድቻቸዋለሁ። በትውልድ ቀያቸው እኮ እንሰቱ በከብት ፍግና በጓዳ ጥራጊ ነው ያደገው፣ ራሳቸው ናቸው ያወሩልኝ! «እሱ ገጠር ነው፣ ይሄ ከተማ ነው» አሉኝ። እስከ ሰኞ ድፈኚው ተብያለሁ። እዳሪ ያስቀመጥኩ ነው የሚመስለው!

እሳቸው ግን ማታ ማታ የግቢውን ፌስታል ሰብስበው ያቃጥላሉ። ከሕፃናቱ መኝታ መስኮት ሥር። ያ ንጽሕና ነው። ይኸው አሁንም ለኩሰውታል፣ ጭሱ እየገባብኝ ነው። የተሰጣውን የልጆች ልብስ ላስገባ።