ክርክር፦ ለሊቲየም ባትሪ ባንክ ቢኤምኤስና አንድ ብሬከር ይበቃሉ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «በ48 ቮልት የሶላር ሲስተም ላይ ባትሪዎቹ የየራሳቸው ቢኤምኤስ ካላቸውና አንድ ጥሩ ዋና የዲሲ ብሬከር ካለ፣ በየባትሪው ላይ ፊውዝ ማሰር አያስፈልግም።» ቢኤምኤስ የምንለው በሊቲየም ባትሪው ውስጥ ሆኖ ቮልቴጁን፣ ሙቀቱንና ከረንቱን እየተከታተለ አደጋ ሲመጣ ባትሪውን የሚያጠፋውን ሰሌዳ ነው። ብሬከር ከረንት ሲበዛ ዘሎ መስመሩን የሚቆርጥ ማጥፊያ ነው፤ ፊውዝ ደግሞ ራሱ ቀልጦ ይቆርጣል። ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲስተም የሚገጥሙና የሚጠግኑ ባለሙያዎች ናቸው። ለምሳሌ የሚሆናቸውንም በጋራ መርጠዋል። ባትሪው 16 ሴል ያለው፣ 280 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ ነው። ሦስቱ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ታስረው አንድ የ5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚለውጥ መሣሪያ፣ ይመግባሉ።

ደጋፊ፦

ከጥገና ሥራ ልነሳ። «ሲስተሙ ተቃጠለ» ተብዬ ስጠራ ብዙ ጊዜ የማገኘው ሾርት (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ በቀጥታ መነካካት) አይደለም፣ የላላ ብሎን ነው። በቅጡ ያልተጨመቀ የኬብል ጫፍ፣ ዝገት የያዘው ተርሚናል። አንድ መጋጠሚያ 1 ሚሊ ኦም ብቻ ይዞ 200 አምፔር ቢያልፍበት፣ እዚያች ነጥብ ላይ 40 ዋት ሙቀት ይወጣል። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በእጁ የሚይዘው መበየጃ የሚሰጠው ሙቀት ያህል ማለት ነው። ፊውዝ ስናስር በየባትሪው ሁለት አዳዲስ መጋጠሚያ እንጨምራለን። ለሦስት ባትሪ ስድስት ሆነ። ደኅንነት እየጨመርን ይመስለናል እንጂ የሚቃጠል ቦታ እየጨመርን ነው።

ሌላም አለ። ፊውዝ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። ከከተማ የራቀ ቦታ ላይ በሌሊት ቢቃጠል ሰው ምን ያደርጋል? መለዋወጫ የለውም። መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ወይም የውሃ ፓምፕ ቆሞበታል። ፊውዙ በነበረበት ቦታ ብሎን ወይም የመዳብ ቁራጭ ያስራል። ይህን አይቶ የማያውቅ ጠጋኝ ያለ አይመስለኝም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ያ ሲስተም ምንም መከላከያ የለውም። ብሬከር ግን ሲዘል ምክንያቱን ፈልገው፣ አስተካክለው መልሰው ያነሱታል። መሥራት ሲፈልጉም ማጥፊያዎ እሱ ነው። ቢኤምኤሱ ደግሞ ሾርት ሲያይ በሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል። ሁለት አጥር አለን ማለት ነው። ሦስተኛው ለምን?

ተቃዋሚ፦

ስለ ላላ ብሎን ያሉት እውነት ነው። ግን ወዳጄ፣ የላላ ብሎንን ብሬከርም አያየውም። ከረንቱ ከተለመደው አልበለጠማ! የእሱ መድኃኒት በቶርክ ቁልፍ ማጥበቅና ሲስተሙ ጭነት ላይ እያለ በሙቀት መለኪያ መፈተሽ ነው።

እኔ ስለ ሾርት ልናገር፤ ደጋግሞ ባይመጣም ሲመጣ ቤት ይዞ የሚሄደው እሱ ነውና። ከአንድ ባትሪ ስንት አምፔር እንደሚወጣ እናስላ። የ280 አምፔር-ሰዓት ሴል ውስጣዊ ሬዚስታንስ በአብዛኛው ከሩብ ሚሊ ኦም አይበልጥም። 16ቱ ሲደመሩ 4 ሚሊ ኦም። ለማገናኛዎቹና ለኬብሉ 2 እንጨምርላቸው። «48 ቮልት» የምንለው የ16 ሴል ባትሪ ልኩ 51.2 ቮልት ነው፤ ይህን ለ6 ሚሊ ኦም ስናካፍል 8,500 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ ከአንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲለቁት፣ የጋራው ኬብል ትንሽ ቢቀንሰውም፣ ወደ 25,000 ይጠጋል።

አሁን ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። በሶላር ሳጥን ውስጥ የምናየው ትንሹ የዲሲ ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 10 ኪሎ አምፔር ይላል። ይህ የመቁረጥ አቅሙ ነው። ከዚያ በላይ ሲመጣ ብሬከሩ ለመክፈት ይሞክራል፣ በንክኪዎቹ መካከል የተነሳው እሳት ግን ላይጠፋ ይችላል። በ50 ኸርዝ ኤሲ ላይ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ እሳቱ የሚጠፋበት ቀዳዳ ያገኛል። ዲሲ ይህ ዕድል የለውም፤ እሳቱን በጉልበት ማጥፋት ያስፈልጋል። ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ የተሠራው ለዚህ ነው። ውስጡ በአሸዋ የተሞላ ነው። አሸዋው የእሳቱን ሙቀት ይውጣል፣ እየቀለጠም መንገዱን ይዘጋል። ለባትሪ የሚሸጡት በ125 ቮልት ዲሲ 20,000 አምፔር ይቆርጣሉ። ከዚያም የሚበልጡ አሉ። ደግሞም ከረንቱ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ነው የሚቆርጡት።

ደጋፊ፦

ስሌቱን አልክድም። ነገር ግን ፊውዝዎን ከርካሹ ብሬከር ጋር ነው ያወዳደሩት። እኔ «ጥሩ ብሬከር» ነው ያልኩት። ኤምሲሲቢ የሚባለው ትልቁ ብሬከር በዲሲ 20 ወይም 25 ኪሎ አምፔር፣ ከዚያም በላይ የሚቆርጥ አለው። እሱን እንግዛ። ከዚያም በፊት ሦስት ቢኤምኤሶች አሉ። ያ 25,000 አምፔር እንዲመጣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ መክሸፍ አለባቸው። ይህ ይሆናል ብለው ነው?

ተቃዋሚ፦

የግድ ሦስቱም መክሸፍ አያስፈልጋቸውም። ደግሞም ትልቁ ኤምሲሲቢዎ ጨርሶ የማያየው ሾርት አለ። ጉዳዩ ከረንቱ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ሦስቱ ባትሪዎች አንድ ባስባር፣ ማለትም ኬብሎች የሚሰበሰቡበት የብረት ዘንግ፣ ላይ ይገናኛሉ። ዋናው ብሬከር ያለው ከባስባሩ በኋላ፣ ወደ ኢንቨርተሩ በሚሄደው መስመር ላይ ነው። አሁን የሦስተኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ኬብል ከባስባሩ በፊት ተልጦ ኔጌቲቩን ቢነካ ምን ይሆናል? የቀሩት ሁለቱ በባስባሩ በኩል ወደዚያ ነጥብ ይጎርፋሉ፣ 17,000 አምፔር ገደማ። ሦስተኛው ባትሪም ከራሱ በኩል ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ አንዲት አምፔር በዋናው ብሬከር በኩል አታልፍም። ብሬከሩ እንደበራ ይቀመጣል፣ ኬብሉ ይነዳል።

በየባትሪው ተርሚናል ላይ ፊውዝ ቢኖር ግን እያንዳንዱ የሚቆርጠው የራሱን ባትሪ ብቻ ነው። 8,500 አምፔር። ለክላስ ቲ ቀላል ሥራ። የባንኩ ጠቅላላ ከረንት የፈለገውን ያህል ቢያድግም ከየባትሪው የሚወጣው ያው ነው።

ቢኤምኤሱን በተመለከተ ደግሞ እስቲ የሚዘጋው በምን እንደሆነ እናስታውስ። ሞስፌት በሚባል የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሞስፌት ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ መስመሩን ቆርጦ አይቀርም፣ እንደተገናኘ ይቀራል። ሺህ አምፔሮች በድንገት ሲቋረጡ በኬብሉ ውስጥ የነበረው ጉልበት ወደ ቮልቴጅ ይለወጥና ሞስፌቱ ላይ ያርፋል። የ48 ቮልት ቢኤምኤስ ሞስፌቶች ብዙውን ጊዜ የ80 ወይም የ100 ቮልት ናቸው። መከላከያው ጥሩ ካልሆነ በዚያች ቅጽበት ይበሳሉ። ቢኤምኤሱ ሥራውን ሊሠራ ሲል ነው የሚሞተው። ቢኤምኤስ ለየዕለቱ ቁጥጥር ግሩም ነው፤ ለእሳት ግን የመጨረሻ አጥር አድርጌ አላምነውም።

ደጋፊ፦

የባስባሩ ነገር በደንብ ገብቶኛል፣ እቀበለዋለሁ። እንዲያ ከሆነ ዋናውን ብሬከር ትቼ በየባትሪው አንድ ኤምሲሲቢ አስራለሁ። የራሱን ባትሪ ይቆርጣል፣ ማጥፊያም ይሆናል፣ መልሶም ይነሳል። አሁንም ፊውዝ አላስፈለገኝም።

እንዲያውም በፓራለል ባንክ ላይ ፊውዝ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ፊውዝ ሲቃጠል ማንም አያውቅም። መብራቱ አልጠፋ፣ ኢንቨርተሩ አልጮኸ። የሦስቱን ጭነት ሁለቱ ይሸከሙታል። ኬብሎቹ እኩል ካልረዘሙ ደግሞ አንዱ ከሌላው የበለጠ ይጎትታል። አንድ ቀን ፓምፑ ሲነሳ ሁለተኛው ይሄዳል፣ ወዲያው ሦስተኛው ይከተላል። ሰውየው የሚያውቀው በጨለማ ሲቀመጥ ነው። ብሬከር ግን እጀታውን አይተው ማን እንደዘለለ ይለያሉ።

ተቃዋሚ፦

ይህ ጥሩ መልስ ነው። በየባትሪው መከላከያ እንደሚያስፈልግ ከተስማማን ትልቁ ጉዳይ አለቀ፣ የቀረን የዕቃው ዓይነት ነው። አቅሙ ለዲሲና ለዚያ ቮልቴጅ የተጻፈ ኤምሲሲቢ በየባትሪው ካሰሩ አልቃወምዎትም። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ።

አንደኛው ፖላሪቲ ነው። ብዙ የዲሲ ብሬከሮች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። ውስጣቸው ያለው ማግኔት እሳቱን ወደ ማጥፊያው ክፍል የሚገፋው ከረንቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ ነው። ለሶላር ፓነል ይህ አያስቸግርም። ባትሪ ግን ቀን ይሞላል፣ ማታ ይለቃል። ከረንቱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ምልክት ያለበትን ብሬከር ባትሪ ላይ ያሰረ ሰው ግማሹን ቀን ተገልብጦ የታሰረ ብሬከር ነው ያለው። ሲዘል እሳቱ ወደ ተሳሳተ ወገን ይገፋና ብሬከሩ ራሱ ይቃጠላል። በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ኤምሲሲቢ ትልቅ ስለሆነ ሰው ግድግዳ ላይ፣ ከባትሪው ሜትር ተኩል ርቆ ይሰቅለዋል። ያ ሜትር ተኩል ምንም ጠባቂ የለውም። የአሜሪካ የጀልባና የያት (የመዝናኛ ጀልባ) ምክር ቤት ደረጃ መከላከያው ከኃይል ምንጩ በ7 ኢንች ማለትም በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል። ኬብሉ በቀጥታ ከባትሪ ተነስቶ በሸፋኝ ውስጥ ካለፈ ርቀቱን ያራዝማል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ፊውዝ ተርሚናሉ አጠገብ ይገባል።

ደጋፊ፦

እስማማለሁ፣ ግን ፊውዝም ስሙ ፊውዝ ስለሆነ ብቻ አያድንም። በ48 ቮልት ባንክ ላይ ከመኪና ሙዚቃ የመጣ ፊውዝ ስንት ጊዜ አይተናል? ብዙዎቹ የኤኤንኤልና የሜጋ ፊውዞች የ32 ቮልት ናቸው። ተርሚናል ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ባለ አራት ማዕዘን ፊውዝ ደግሞ እስከ 58 ቮልት ነው የተፈቀደለት፣ እዚያም ላይ የመቁረጥ አቅሙ ወደ 2,000 አምፔር ይወርዳል። የእኛ 16 ሴል እያንዳንዱ 3.65 ሲደርስ 58.4 ቮልት ነው። በቮልትም በአምፔርም አልፎታል። ሰው ግን «ፊውዝ አለኝ» ብሎ ይተኛል።

ተቃዋሚ፦

ትክክል ነዎት። ስለዚህ ሰው ዕቃ ሲመርጥ ሦስት ነገር ያንብብ እላለሁ፦ የዲሲ ቮልቱን፣ የመቁረጥ አቅሙንና የአምፔር ልኩን። የመቁረጥ አቅሙ ያልተጻፈበትን አይግዛ።

ልኩን ለማውጣት የእኛን ኢንቨርተር እንውሰድ። 5,000 ዋት ለ44 ቮልት፣ ማለትም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ላለው ቮልት፣ ከዚያም ለ0.9፣ ማለትም ለኢንቨርተሩ ብቃት፣ ሲካፈል 126 አምፔር ነው። ሩቡን ስንጨምርበት 158። ቀጣዩ የፊውዝ ልክ 175 ነው። ይህ ለኢንቨርተሩ መስመር ነው። ኬብሉም ከ175 በላይ መሸከም አለበት፣ 70 ካሬ ሚሊ ሜትር ብመርጥ ደስ ይለኛል። የየባትሪው ፊውዝ ደግሞ በባትሪው ቢኤምኤስ ልክና በራሱ ኬብል ይወሰናል። የ100 አምፔር ቢኤምኤስ ላይ 125 አስራለሁ። ፊውዙ ከቢኤምኤሱ በላይ፣ ከኬብሉ በታች ይሁን። እንዲህ ሲሆን ፓምፕ ሲነሳ መጀመሪያ የሚዘጋው ቢኤምኤሱ ነው፣ ፊውዙ ለሾርት ይቆያል። ያሉት የፊውዞች ተከታትሎ መቃጠልም በአብዛኛው በልክ ስህተት የሚመጣ ነው።

ደጋፊ፦

እኔ አሁንም ኤምሲሲቢዬን አልለቅም። ጠጋኝ እጁን ባትሪ ውስጥ ሲያስገባ በዓይኑ የሚያየው ማጥፊያ ይፈልጋል። ፊውዝ የሚያስሩ ከሆነ ግን የእኔ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ በዚያው ሳጥን ውስጥ ተመሳሳይ ልክ ያላቸው ቢያንስ ሁለት መለዋወጫዎች ሳይቀመጡ ሲስተሙ ለባለቤቱ አይሰጥ።

ተቃዋሚ፦

እቀበላለሁ። እኔም ልጨምር፦ የፊውዙ ዓይነት፣ ቮልቱና አምፔሩ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፍ፣ ብሎኑ የሚጠብቅበት የቶርክ ልክም አብሮ። ሲስተሙን የገጠመው ሰው ከዓመታት በኋላ ስልኩ ላይገኝ ይችላል። በሌሊት የሚደርሰው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ብሎን እንዳያስር የሚረዳው ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍና አጠገቡ ያለው መለዋወጫ ነው።